የቲማቲም ዘር ለምን ቲማቲሙ ውስጥ አይበቅልም?

አንድ የበሰለ ቲማቲም ለሁለት ቁረጡና ውስጡን ልብ ብላችሁ እዩት። ዘሮቹ እርጥብ ናቸው። ዙሪያቸውን ውሃና ስኳር ከቧቸዋል፤ ሙቀትም አላቸው። ባቄላ እንዲህ ባለ እርጥበት ውስጥ ቢሰነብት በጥቂት ቀን በቆልት ይሆናል። የቲማቲም ዘር ግን ፍሬው ተክሉ ላይ እስኪበስል፣ ተለቅሞ ከመቂ አዲስ አበባ እስኪደርስ፣ ጉሊት ላይ ተደርድሮ እስኪሸጥ፣ ከዚያም ቤት ገብቶ እስኪከተፍ ድረስ ሳምንታት ሙሉ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ አይበቅልም። ለምን ይመስላችኋል?

እኔ ይህን ጥያቄ የጠየቅኩት ሁለት ጊዜ ከከሸፈብኝ በኋላ ነው። ቲማቲም በተወደደበት ሰሞን እናቴ ከጉሊት ካመጣችው ውስጥ ደህናውን መርጬ ዘሩን አወጣሁ፣ ሶፍት ላይ በትኜ በማግስቱ በፌስታል ጠቅልዬ ፍሪጁ ላይ አስቀመጥኩት። ከአራት ወር በኋላ 30 ዘር ዘራሁ፤ አንድም አልበቀለም። ፌስታሉ ውስጥ የቀረውን ስከፍተው ሻግቷል። በሁለተኛው ሙከራ ዘሩን እንደ አወጣሁት ወዲያው ዘራሁት። ይሄኛው በቀለ፤ አደገ፤ አፈራም። ግን ከአራቱ ተክሎች አንዱ ክብ ፍሬ፣ አንዱ ረዘም ያለ፣ አንዱ ደግሞ ትንሽና ኮምጣጣ ፍሬ ሰጠ። አራተኛው ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ። እናቴ ሳህኑን አይታ "ይሄ ሁሉ ከአንድ ቲማቲም ነው የወጣው?" አለችኝ። አዎ፣ ከአንድ ቲማቲም ነው።

ሁለቱ ክሽፈቶች የተለያዩ ናቸው። በመጀመሪያው የዘሩን ሕይወት አጠፋሁ። በሁለተኛው ሕይወቱ ተርፎ ማንነቱ ከጠበቅኩት ውጭ ሆነ። ዘር የሚያስቀምጥ ሰው ሁለቱንም መጠበቅ አለበት። እስቲ በቅደም ተከተል እንያቸው፤ መጀመሪያ ግን ተክሉ ያስፈልገናል።

ጀሪካን ውስጥ ያለ እርሻ

ጓሮ ባይኖራችሁም ይሆናል። 20 ሊትር የሚይዝ አሮጌ ጀሪካን አፉን ቁረጡና ከታች አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ቀዳዳው የግድ ነው፤ ሥር እንደ እኛ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ውሃ የተኛበት አፈር ውስጥ ግን አየር የለም። ቀይ ወይም ጥቁር አፈር፣ በደንብ የበሰለ ብስባሽና አሸዋ ቀላቅላችሁ ሙሉት። ጀሪካኑ ዘይት ወይም ኬሚካል ይዞ የነበረ ከሆነ ተዉት።

ዘሩን በትንሽ ዕቃ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ዝሩ። ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ከአምስት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። አራት አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ጀሪካኑ አዛውሩት፤ ስታዛውሩት ግንዱን እስከ ታችኛው ቅጠል ድረስ ቅበሩት። ሌላ ችግኝ እንዲህ ቢቀበር ግንዱ ሊበሰብስ ይችላል። ቲማቲም ግን ከተቀበረው ግንድ አዲስ ሥር ያወጣል፤ ግንዱ ላይ የምታዩዋቸው ትንንሽ እብጠቶች ሥር ለመሆን የተዘጋጁ ናቸው።

ቦታው በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ያግኝ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋማ ከተማ የምትኖሩ ከሆነ ግድግዳ ሥር አስጠጉት። ቲማቲም ሌሊቱ ከ12 እና 13 ዲግሪ በታች ሲወርድ አበባው ፍሬ መቋጠር ይከብደዋል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል። ግድግዳ ቀን የጠጣውን የፀሐይ ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ስለሚመልሰው ለተክሉ እንደ ጋቢ ያገለግለዋል። የቤቱ ክፈፍ ደግሞ ክረምት ላይ ዝናቡን ይከላከልለታል። ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ የሚባል ተህዋስ በቡናማ ነጠብጣብ ጀምሮ በቀናት ውስጥ ተክሉን ያደርቀዋል። በ1845 እ.ኤ.አ. የአየርላንድን ድንች ማውደም የጀመረውና ለትልቁ ረሃብ ምክንያት የሆነው ይኸው ተህዋስ ነው። ድንችና ቲማቲም ዘመዳሞች ናቸው፤ በሽታም ይጋራሉ።

ውሃ ስታጠጡ ቅጠሉን ሳይሆን አፈሩን አጠጡ። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ወደ አፈሩ አስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ በደንብ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት። አንድ ሳምንት አድርቃችሁ በሚቀጥለው ብታጥለቀልቁት የፍሬው ታች ጠቁሮ ይጎደጉዳል። ይህ በአብዛኛው ተባይ ያመጣው ነገር አይደለም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚጓዘው ከውሃው ጋር ስለሆነ፣ ውሃው ሲቆራረጥ ካልሲየሙም ይቆራረጣል።

አበባውን በጣታችሁ ምቱት

የቲማቲም አበባ ወንዴና ሴቴ ክፍሎቹን በአንድ ላይ የያዘ ነው። ብናኝ የሚያመርቱት የወንዴ ክፍሎች እንደ ቱቦ ተጣብቀው ሴቴውን ከበውታል። ብናኙ ከዚያ ቱቦ ውስጥ የሚረግፈው አበባው ሲንቀጠቀጥ ነው። ውጭ ንፋስ ያንቀጠቅጠዋል፤ አንዳንድ ትልልቅ የዱር ንቦችም አበባውን ይዘው ጡንቻቸውን በማርገብገብ ያራግፉታል። የማር ንብ ይህን ጥበብ አትችልም።

በረንዳ ላይ ንፋሱ አነስ ካለ ሥራው የእናንተ ነው። አበባው በፈካበት ሰሞን ረፋድ ላይ ዘለላውን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት፤ ይበቃዋል።

ይህን ያነሳሁት ለፍሬው ብቻ ብዬ አይደለም። ብናኙ እዚያው አበባ ላይ ስለሚያርፍ አብዛኛው የቲማቲም ዘር እናቱም አባቱም አንድ ተክል ነው። በቆሎ ቢሆን ብናኙ በንፋስ ከጎረቤት ማሳ ስለሚመጣ አባቱን ማወቅ ይቸግራል። ዘር ማስቀመጥ ለመጀመር ቲማቲም ጥሩ መለማመጃ የሆነው ለዚህ ነው።

የዘሩ ዘበኛ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። እያንዳንዱ የቲማቲም ዘር ዝልግልግ ባለ ሽፋን ተጠቅልሏል። በጣታችሁ ልትይዙት ስትሞክሩ የሚያመልጣችሁ በእሱ ምክንያት ነው። ዘሩ ከፍሬው ሳይወጣ እንዳይበቅል የሚያግዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ነው፤ ለፅንሱ "ገና ነው፣ ተኛ" የሚል ትእዛዝ እንደማለት ነው። ሁለተኛው ፊዚክስ ነው፤ የፍሬው ጭማቂ ስኳርና አሲድ ስለበዛበት ውሃውን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ዘሩ ውሃ ውስጥ እያለ እንኳ ለመብቀል የሚበቃውን ያህል መሳብ አይችልም። ጨው የበዛበት ውሃ ጥምን እንደማይቆርጥ አስቡት።

ዘበኛው ባይኖር ዘሩ ጨለማ ፍሬ ውስጥ በቅሎ እዚያው ይሞት ነበር። አልፎ አልፎ በጣም የበሰለና ብዙ የቆየ ቲማቲም ስትቆርጡ ውስጡ ነጫጭ ቡቃያ ታያላችሁ፤ ዘበኛው ደክሞ ማለት ነው።

ተፈጥሮ ይህን ሽፋን የምታስወግደው ፍሬው መሬት ላይ ወድቆ ሲበሰብስ ነው። እኛ ያንኑ በኩባያ ውስጥ እንደግመዋለን። በደንብ የበሰለ፣ ጤነኛ ከሆነ ተክል የተለቀመ ፍሬ ቆርጣችሁ ዘሩን ከነጭማቂው ኩባያ ውስጥ ጭመቁት፤ ጥቂት ውሃ ጨምሩበትና በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሙቀት ያለበት ቦታ አስቀምጡት። በቀን አንድ ጊዜ አማስሉት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ላዩ ነጭ ድር ይሠራል፤ አረፋም ይታያል፤ ይሸታልም! አትደንግጡ። የጤፍ ሊጥ ሲቦካ እንደሚሆነው ሁሉ እርሾና ባክቴሪያ ሥራ ላይ ናቸው፤ ምግባቸው ያ ዝልግልግ ሽፋን ነው። መቡካቱ በዘሩ ላይ የተጣበቁ አንዳንድ የበሽታ ተህዋስያንንም ይቀንሳል፤ ሁሉንም ግን አያጠፋም፤ ከታመመ ተክል ዘር አትውሰዱ።

መቼ እናቁመው? አንድ ዘር አውጥታችሁ በጣታችሁ እሹት። ሙልጭልጩ ጠፍቶ ሻካራ ከሆነ ደርሷል። ከዚያ በላይ ካቆያችሁት፣ ዘበኛው ስለሄደ ዘሩ እዚያው ኩባያ ውስጥ መብቀል ይጀምራል። ውሃ ጨምሩበትና አማስላችሁ ጥቂት ጠብቁ፤ ጥሩው ዘር ይዘቅጣል፣ ባዶው ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈውን ድፉ፣ የቀረውን በማጥለያ አጣጥቡ።

ዘሩን የገደለው ፌስታሉ ነው

አሁን ዘሩ ንጹሕ ነው፤ ግን እርጥብ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ስህተት እዚህ ላይ ነበር።

ዘር ሕይወት አለው። እርጥብ ሲሆን ይተነፍሳል፤ የያዘውን ስንቅ ያቃጥላል፤ ሴሎቹ ቀስ በቀስ ይጎዳሉ። ሲደርቅ ግን የሚገርም ነገር ይሆናል። በሴሎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እየወፈረ ሄዶ እንደ መስታወት ይጠጥራል። በዚያ ሁኔታ ሞለኪውሎች እንደልባቸው መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ጉዳቱም በጣም ይዘገያል። ዘሩ ሞቶ አይደለም፤ ሰዓቱ ዘግይቶ ነው።

ሃሪንግተን የተባለ የዘር ተመራማሪ ለዚህ ቀላል መገመቻ ሰጥቶናል። በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ያህል ይረዝማል። የሚቀመጥበት ሙቀት በ5 ዲግሪ ያህል ሲቀንስም እንዲሁ። ግምት ነው፤ ደግሞም የሚሠራው በተወሰነ ክልል ውስጥ ነው፤ ግን አስሉት። ዘራችሁን 25 ዲግሪ ካለው መደርደሪያ 5 ዲግሪ ወዳለው ፍሪጅ ብታዛውሩ ልዩነቱ 20 ዲግሪ ነው። አራት ጊዜ እጥፍ ማለት ነው፤ 16 እጥፍ! እርጥበቱንም ከ12 በመቶ ወደ 8 ካወረዳችሁ ሌላ 16 እጥፍ። የእኔ ዘር ደግሞ በተቃራኒው ነበር፤ በደንብ ሳይደርቅ ታፍኖ፣ የፍሪጁ ሞተር ከሚያሞቀው ቦታ ላይ ተቀመጠ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ዘሩን በሸክላ ወይም በብርጭቆ ሳህን ላይ ስስ አድርጋችሁ በትኑት። ሶፍት ላይ አታድርጉት፤ ይጣበቃል። ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ላይ በየቀኑ እያገላበጣችሁ ሳምንት ያህል አድርቁት። የቀትር ፀሐይ ይበዛበታል። በደንብ የደረቀ ዘር ሳህኑ ላይ ሲነቃነቅ ይንኮሻኮሻል፤ በጥፍር ስታጥፉት ከመታጠፍ ይልቅ ይሰበራል። ከዚያ በወረቀት ፖስታ አድርጉትና ክዳኑ ጥብቅ ባለ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ክተቱት። በምጣድ ላይ ሞቆ የቀዘቀዘ አንድ ጭብጥ ሩዝ በጨርቅ ቋጥራችሁ ብትጨምሩበት የቀረውን እርጥበት ይስባል። ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጣችሁት፣ ስታወጡት የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ክዳኑን አትክፈቱ፤ አለዚያ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ያልበዋል።

ሁሉም ዘር ግን እንዲህ አይደለም። የአቮካዶና የማንጎ ዘር ሲደርቅ ይሞታል። የቡናም ዘር ደርቆና ቀዝቅዞ ለብዙ ዓመት መቀመጥ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የስንዴና የገብስ ዘር አድርቆ በማቀዝቀዣ ሲያስቀምጥ፣ ቡናን ግን በመስክ ላይ ተክሎ በቁሙ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ቲማቲም ከስንዴው ወገን ነው፤ በደንብ ከተያዘ ዓመታትን ይሻገራል።

ልጁ እናቱን ለምን አልመሰለም?

አሁን ሁለተኛው ክሽፈት። ከጉሊት የምንገዛው ቲማቲም ብዙ ጊዜ ከድቅል ዘር የተገኘ ነው፤ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ሃይብሪድ ይሉታል። እንደ ጋሊላና ሻንቲ ያሉት የዚህ ወገን ናቸው። ድቅል ዘር የሚሠራው ሁለት የተለያዩ ንጹሕ መስመሮችን በእጅ በማዳቀል ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ጠንካራና ምርታማ ነው። ገበሬ ዋጋው ቢወደድም የሚገዛው ያለ ምክንያት አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው በሁለተኛው ትውልድ ነው። ግሪጎር ሜንዴል የአተር ሙከራውን በ1866 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ያሳየው ይህንኑ ነበር፤ በመጀመሪያው ትውልድ ተደብቀው የነበሩ ጠባዮች በሁለተኛው ተመልሰው ብቅ ይላሉ። ሳንቲም እንወርውር። ድቅሉ ተክል በአንድ ጂን ላይ ከእናቱና ከአባቱ የተለያየ ቅጂ ይዟል እንበል። ልጁ ልክ እንደ እሱ ሁለቱንም የተለያዩ ቅጂዎች የመያዝ ዕድሉ ግማሽ ነው። ለሁለት ጂኖች ሩብ ነው። ለአሥር ጂኖች ግማሽን በራሱ አሥር ጊዜ አባዙት፤ ከ1,024 አንድ። በሁለት ወላጆች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከአሥር ጂን ሊበልጥ ይችላል። እኔ አራት ተክል ተክዬ እናቲቱን የመሰለ መጠበቄ የዋህነት ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ወሬ እናስተካክል። "የድቅል ዘር ተመልሶ አይበቅልም" ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ይበቅላል፤ የኔው በቅሏል። ሌላው ሆኖ ነው የሚበቅለው። ደግሞም ድቅል ማለት በቤተ ሙከራ ጂኑ የተቀየረ ማለት አይደለም፤ የአንዱን አበባ ብናኝ በሌላው ላይ ማድረግ ነው።

እናቱን የሚመስል ልጅ ከፈለጋችሁ ራሱን ከሚደግም ዝርያ ጀምሩ። አገራችን ውስጥ ከሚታወቁት ሮማ ቪኤፍ፣ ማርግሎብ፣ እንዲሁም ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካሾላና መልካሳልሳ እንዲህ ናቸው። የዘር ፓኬት ስትገዙ ኤፍ እና 1 ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፈው ካያችሁ ድቅል ነው፤ ዘሩን ብታስቀምጡም ያው አይደገምላችሁም።

ወይስ የራሳችሁን ትሠራላችሁ?

የተበታተነውንም ግን አትጣሉት። ከተበታተኑት ውስጥ የወደዳችሁትን አንድ ተክል መርጣችሁ ዘሩን ብታስቀምጡ፣ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ብታደርጉ፣ ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ቲማቲም ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ተለያይተው ከነበሩት የጂን ጥንዶች ውስጥ የተለያዩ ሆነው የሚቀሩት በየትውልዱ በአማካይ በግማሽ ይቀንሳሉ፤ በሁለተኛው ትውልድ 50 በመቶ፣ በሦስተኛው 25፣ በአራተኛው 12.5። በስምንተኛው ከ1 በመቶ በታች ይሆናል። ያኔ እናቱን የሚመስል፣ የእናንተ የሆነ ዝርያ በእጃችሁ አለ።

ይህ ሕልም አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት ማርግሎብ ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ ማርቭል እና ግሎብ የተባሉ ሁለት ቲማቲሞች ተዳቅለው ከልጆቻቸው ውስጥ በመምረጥ አሜሪካ ውስጥ በ1925 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። በአንድ ወቅት ድቅል የነበረ፣ ዛሬ ራሱን የሚደግም።

ሃያ ዘር፣ አንድ ሶፍት

ከመዝራታችሁ በፊት ዘራችሁን ፈትኑት። 20 ዘር ቁጠሩ፤ እርጥብ ሶፍት ውስጥ ጠቅልላችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ለአሥር ቀን በየቀኑ ክፈቱና የበቀለውን ቁጠሩ። 18 ቢበቅል የብቅለት መጠኑ 90 በመቶ ነው። 10 ብቻ ቢበቅል እጥፍ አድርጋችሁ መዝራት አለባችሁ። ሳይንሱን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከአንድ ፍሬ የወጣ ዘር ለሦስት ክፈሉ፤ አንዱን ከነዝልግልጉ፣ አንዱን ታጥቦ ብቻ፣ አንዱን ቦክቶ ታጥቦ ሶፍት ውስጥ አስቀምጡ። የትኛው ቀድሞ ይበቅላል? ገምቱና ጻፉት፤ ከዚያ ቁጠሩ።

ፖስታው ላይም መጻፍ አትርሱ፤ የዝርያው ስም፣ ዘሩ የወጣበት ቀን፣ ከየትኛው ተክል እንደተወሰደ። ዘር ከደረቀ በኋላ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ በዓይን አይቶ የሚለየው የለም።

የእኛ ቤት ፍሪጅ ውስጥ አሁን አንድ የብርጭቆ ዕቃ አለ፤ ፖስታው ላይ "ረጅሙ፣ 3ኛ ትውልድ" ተጽፏል። ከ20ው 17ቱ በቅለዋል። ረጅሙን የመረጥኩት ልጡ ጠንከር ስለሚልና ስለሚሰነብት ነው። እናቴ ግን ለስልስ ክቡ ነው የሚሻለው ብላ በራሷ ፖስታ የክቡን ዘር ለብቻው አስቀምጣለች። በሚቀጥለው ዘር ወቅት ሁለት ጀሪካን ይኖረናል።